በዘመድ ስም የተቀመጠ ላብ

ሮቢት ላይ ለሕዝብ የተሰጠ የሕግ ትምህርት፣ ከንግግሩ እንደተጻፈ

ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ በሚጠበቅበት በዚህ ሰሞን፣ ማማውን ለልጅ ትታችሁ እዚህ መቀመጣችሁ ቀላል ነገር አይደለም። ጊዜያችሁን በከንቱ ስለማልፈልገው በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የመጣሁት ስለ ፍቺ ላወራ ነው። ስለ ፍቺ ሁሉ ግን አይደለም። ማን በደለ፣ ልጁ ከማን ጋር ይደግ የሚለውን ሌላ ቀን እናነሣዋለን። የዛሬው አንድ ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ ንብረቱ በባል ወንድም፣ በሚስት አባት፣ በአክስት ወይም በአጎት ስም ሆኖ ቢገኝስ? በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት ሰውን ሁለት ጊዜ የሚያስለቅስ እንደዚህ ያለ ክርክር አላየሁም። አንዴ ለትዳሩ ይለቀሳል፤ አንዴ ደግሞ ለዝምድናው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚሁ ከቆላው የሆነች አንዲት እኅት ወደ እኔ መጣች። ስሟን አልናገርም፤ እንዳትታወቅም ነገሩን ጥቂት አዛብቼ ነው የማወራው። ተቀመጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ በላስቲክ የታሰረ አንድ ጥቅል ወረቀት አወጣች። ሰባት ዓመት ሳውዲ ሰው ቤት ስትሠራ ገንዘብ የላከችባቸው ደረሰኞች ናቸው። ፈትቼ ስዘረጋቸው ግማሾቹ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ያ ስስ ወረቀት በሙቀት ነው የሚታተመው፤ በሙቀትም ይጠፋል። የዚያም አገር ሙቀት አለ፣ የዚህም የቆላው ሙቀት አለ፤ ጽሑፉ ቀስ እያለ ተኗል።

አንዱን ባዶ ወረቀት አንሥቼ «ይኼ የምንድን ነው?» አልኳት። ሳታመነታ «እሱ የጣሪያው ነው» አለችኝ። ሌላውን አነሣሁ። «እሱ የብሎኬቱ። ያኛው የበሩና የመስኮቱ።» ጽሑፍ የለበትም እኮ። በእጥፋቱ፣ በእድፉ ነው የምታውቀው። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እህል አልወረደልኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሏ ገጠር ነዋሪ ነው፤ የባንክ ሂሳብ አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ ግን ከተማ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ የተከበረ ሰው ነው። ገንዘቡ ለእሱ ይላካል፤ እሱ ቦታ ገዛ፣ አራት ክፍል ቤት አሠራ፣ ከመንገድ በኩል ያሉትን ሁለቱን ክፍሎች ለሱቅ አከራየ። ካርታው በማን ስም ነው? በወንድምየው። እሷ ይህን ታውቅ ነበር። «በአያ ስም ቢሆን ምን ልዩነት አለው፣ የእኛው አይደል?» ብላ ነበር። ተመልሳ መጣች፤ ትዳሩ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። ንብረት ይቆጠር ሲባል ባልየው «እኔ ምንም የለኝም፤ ቤቱ የአያዬ ነው» አለ።

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት በማመልከቻ ጸሐፊ አስጽፋ ባሏን ከስሳ ነበር። ተከራከረች፤ ፍርዱም ለእሷ ሆነ። ቤቱ የጋራ ነው፣ እኩል ይካፈሉ ተባለ። ደስ ብሏት ጎረቤቱን ሰብስባ ቡና አፈላች። ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈተች። ቤቱ ተገምቶ ለሐራጅ ሊወጣ ሲል ዋርሳዋ፣ ያ የባሏ ወንድም፣ ካርታውን ይዞ ቀረበ። «ቤቱ የኔ ነው። እኔ ባልተጠራሁበት ክርክር የተሰጠ ፍርድ ቤቴን ሊሸጥ አይችልም» አለ።

እንደ ሕግ ከሄድን እውነቱን ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 358፣ በክርክሩ ተካፋይ መሆን ሲገባው ሳይጠራ የቀረና መብቱ የተነካበት ሰው ፍርዱን እንዲቃወም ይፈቅድለታል። በቁጥር 418 ደግሞ፣ ንብረቱ ለሌላ ሰው ዕዳ የተያዘበት ሰው «ይለቀቅልኝ» ብሎ አቤት ማለት ይችላል። ይህ ሕግ መጥፎ ሕግ አይደለም። ማናችንም ብንሆን ባልሰማነው ክስ ቤታችን እንዲሸጥ አንፈልግም። ለዚያች እኅት ግን ሦስት ዓመት የለፋችበት ነገር ሁሉ ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው።

ዛሬ የመጣሁት ይህን አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ባልን ብቻ የከሰሰች ሴት የምታሸንፈው ባልን ብቻ ነው። ንብረቱን የያዘው ዘመድ ከሆነ ዘመዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በክርክሩ ውስጥ መግባት አለበት። ሚስቱን ለሚከስ ባልም ነገሩ ያው ነው።

ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በቅንነት ልበል። ሰው ንብረቱን በዘመዱ ስም የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ ለተንኮል አይደለም። እኛ ጋ ዘመድ ማለት ባንክ ሳይመጣ የነበረ ባንክ ነው። ከዚህ ከቆላው ስንቱ ልጅ የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ ጅቡቲ ገብቶ፣ ከኦቦክ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳውዲ እንደገባ እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ ልጅ እዚያ ሕጋዊ ወረቀት የለውም፤ እዚህም በስሙ የተከፈተ ሂሳብ የለውም። ያገኛትን ሪያል ለሚያምነው ሰው ይልካል። የሚያምነው ደግሞ አባቱን ነው፣ ታላቁን ነው። የከተማ ነዋሪነት መታወቂያ ስለሌለው ቦታውን በአጎቱ ስም የሚገዛ አለ። ባጃጁን የሚነዳው ወንድሙ ስለሆነ ሊብሬውን በወንድሙ ስም የሚያወጣ አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ያለውን ጥሎ የሸሸ፣ ከብቱንና ዕቃውን ወዳልተነካ አካባቢ ወዳሉ ዘመዶቹ ያሸሸ ሰው ሞልቷል። በዚያ ጊዜ ደብተርም፣ ውልም፣ ደረሰኝም የጠፋበት ቤት ስንት ነው?

ከሚስቱ ወይም ከባሏ ለመደበቅ ብሎ የሚያደርገውም አለ። ፍቺ ሲሸተው ሚኒባሱን ለእኅቱ ባል «የሸጠ»፣ በሬዎቹን ሌሊት ነድቶ አጎቱ ግቢ ያስገባ አይተናል። ፍርድ ቤት ሁለቱን ሰዎች መለየት አለበት፤ ያመነውንም የሸሸገውንም። የሚለየው ደግሞ በማስረጃ እንጂ በለቅሶ አይደለም።

አዛውንቶች ታስታውሳላችሁ፤ ቀድሞ ይህ ሁሉ ጉዳይ በዘመድ እጅ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለዘመድ ዳኞች ነበር። በሰማንያ የተጋቡትን የሚያፋቱትም፣ ንብረቱን የሚያካፍሉትም እነሱ ነበሩ። ብዙዎቹ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ግን አስቡት፤ በሬው ያለው በአጎት ግቢ ነው፤ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠውም ያው አጎት ወይም የአጎት ባልንጀራ ነው። ሴቲቱ ለማን ትናገር? በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወገኖች ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የፍቺን ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት አመጣው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በመሠረቱ ያንኑ መንገድ ተከተለ። የቁጥር ነገር ሳነሣ ከፌዴራሉ ሕግ ነው የምጠቅሰው፤ የክልሉን ቁጥር ጠበቃችሁ ወይም የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ይነግራችኋል።

በቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 63 መሠረት ባልና ሚስት ያላቸው ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ተጋቢ ነው የማስረዳት ሸክሙ ያለበት። በቁጥር 62 እንደተባለው ከሁለቱም ሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። እዚህ ላይ ሳውዲ የሠራች እኅት ልትቆጣኝ ትችላለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እሱ እዚህ ጫት ሲቅም ነበር» ትለኛለች። እሰማታለሁ፤ ሕጉ ግን በትዳር ውስጥ የተገኘ ደሞዝን የአንዱ ብቻ አያደርገውም። እሷ በላከችው ገንዘብ እሱም ግማሽ አለው። እሱ ባረሰው ደግሞ እሷ ግማሽ አላት።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። ያ ግምት ከባልና ከሚስት ደጅ አይወጣም። ንብረቱ በባል ስም ከሆነ ግምቱ ለሚስት ይሠራል። በዋርሳ ስም ከሆነ ግን ግምቱ ይገለበጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195፣ ለቤት ወይም ለሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት ማስረጃ የተሰጠውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ይህን ግምት ማፍረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁጥር 1196 በወሰናቸው ምክንያቶች ነው። ካርታው ያለ ደንቡ ከተሰጠ፣ ሥልጣን የሌለው ክፍል ከሰጠው፣ የተሰጠበት መነሻ ፈራሽ ከሆነ፣ ወዘተ። «ቤቱ በስምህ ይሁን እንጂ የእኛ ነው ተባብለን ነበር» የሚል የቃል ስምምነትም ቁጥር 1723 ላይ ይሰናከላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጽንቷል። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ ከቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ በየትኛውም እርከን ያለ ፍርድ ቤት ይከተለዋል።

ታዲያ በሩ ተዘጋ ማለት ነው? አይደለም። ያችን እኅት ያሳየኋት ሁለተኛውን በር ነው።

«ቤቱ የእኛ ነው» ማለት አንድ ጥያቄ ነው። «ቤቱ የእሱ ይሁን፤ የገባበት ገንዘብና ጉልበት ግን የእኛ ነው፤ ይመለስልን» ማለት ሌላ ጥያቄ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ካርታ ማፍረስ አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2162፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በሌላ ሰው ንብረት ወይም ድካም የበለጸገ ሰው ባለንብረቱን እንዲክስ ያዛል። ያላግባብ መበልጸግ የምንለው ይህ ነው። በሌላ ሰው ቦታ ላይ፣ ባለቦታው እያየ ሳይቃወም ቤት የሠራ ሰውም በቁጥር 1179 መብት አለው፤ ባለቦታው ላስወጣህ ቢለው ካሳ ሳይከፍል አያስወጣውም። ስለዚህ በክሳችን ሁለቱንም ጠየቅን፤ ዋናው ቤቱ፣ ይህ ካልሆነ በአማራጭ ገንዘቡ። ባልየውን አንደኛ ተከሳሽ፣ ዋርሳውን ሁለተኛ ተከሳሽ አደረግን።

ዋርሳው ምን አለ? «የላከችው ዕዳዋን ነው፤ ስትሄድ ለመንገዷ አበድሬያት ነበር።» ጥሩ መከላከያ ይመስላል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው ይላል። ወረቀት አምጣ ሲባል ወረቀት የለውም።

እኛስ ምን ነበረን? ደረሰኙ ነጭ ሆኗል። ባንኩ ግን መዝገቡን አላጠፋም፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የዋርሳው የሂሳብ መግለጫ ማኅተም ተደርጎበት መጣ። የገባው ገንዘብ ከነቀኑ ተዘርዝሯል። ከዚያ ደግሞ ስልኳ። በኢሞ የተላኩ የድምፅ መልእክቶች በአሮጌ ስልኳ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ፍርድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲከፈት አዳራሹ ጸጥ አለ። የዋርሳዋ ድምፅ ነው፤ ኋላ መዶሻ ይሰማል። «እታለም፣ የቤትሽ ቆርቆሮ ዛሬ ተመታ፤ እንኳን ደስ አለሽ፤ ለአናጢው የቀረውን ላኪልኝ» ይላል። ድምፁ የእሱ መሆኑን አልካደም። ራሱን አቀረቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን መልእክት በላከ ቀን ከልቡ ነበር። በኋላ ወንድሙ ነው ያስገደደው፣ ወይም የቤቱ ኪራይ ጣመው፤ አላውቅም።

ውሳኔው ካርታውን አልነካም። ቤቱ የዋርሳው ሆኖ ቀረ። ነገር ግን በማስረጃ ከተረጋገጠው ገንዘብ ግማሹን ለእሷ እንዲከፍል ታዘዘ። ይግባኙ ወልድያ ወዳለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ እዚያም ጸና። አሸነፍን ልበል? ክፍያው እጇ የገባው ከሐምሌ 2016 በኋላ ነው። በዚያ ወር ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እሷ ሪያል ነበር የላከችው፤ የተቆጠረላት ግን ገንዘቡ በገባበት ቀን የነበረው ብር ነው። ቀድሞ የአራት ክፍል ቤት ግማሽ ተብሎ የሚታሰበው ገንዘብ የአንድ ክፍል ግንባታ እንኳ አልሆነላትም። በክርክሩ መጀመሪያ ዋርሳው ተከስሶ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ዓመት ይተርፍ ነበር። ስለ ጊዜ አብዝቼ የምናገረው ለዚህ ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ጣጣ አይደለም። ሕንዶች በሌላ ሰው ስም ንብረት መያዝን «ቤናሚ» ይሉታል፤ ያለ ስም ማለት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይህን ከለከሉ፤ «በእሱ ስም ያለው ንብረት የኔ ነው» ብሎ መክሰስንም አብረው ከለከሉ። እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሄዱ። ፕሬስትና ፔትሮደል በሚባለው የ2013 እ.ኤ.አ. ጉዳይ ሰባት ቤቶች በባልየው ኩባንያዎች ስም ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኩባንያዎቹ ቤቶቹን የያዙት ለባልየው ነው ብሎ ለሚስቲቱ እንዲተላለፉ ወሰነ። ባልየው ሀብቱን በትክክል ለማሳወቅ እምቢ ማለቱም በራሱ ላይ ተቆጠረበት። ልብ በሉ፤ እዚያም ቢሆን ኩባንያዎቹ በክሱ ውስጥ ገብተው ነበር።

አሁን ወደ ገጠሩ ልምጣ፤ አብዛኞቻችሁ የምትኖሩት እዚያ ነውና።

አባት ልጁን ሲድር ጎጆ መውጫ ብሎ ከመሬቱ ቆርሶ ይሰጠዋል። በቃል ነው የሚሰጠው፤ ሽማግሌ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ወረቀት ግን የለም። ምራቲቱ ትመጣለች፤ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ የውሃ ሞተር ገዝተው ሽንኩርት ይጀምራሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ትዳሩ ሲፈርስ አባት «መሬቱ በደብተሬ ላይ ነው» ይላል። ደብተሩን ሲያዩት እውነትም በእሱና በባለቤቱ ስም ነው። በክልላችን የመሬት ደብተር የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ የሚገባበት መሆኑ ለስንት ሴት ጋሻ ሆኗል። የአማት ደብተር ላይ ግን የምራት ፎቶ የለም።

በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 252/2009ም ሆነ ከዚያ በፊት በነበረው 133/1998፣ የመሬት ስጦታ በጽሑፍ ሆኖ በመሬት አስተዳደር ካልተመዘገበ አይጸናም። ስለዚህ ምራቲቱ መሬቱን ልካፈል ብትል አብዛኛውን ጊዜ ትወድቃለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ዋሽቼ ተስፋ ልሰጣት አልፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ግን ሌላ ነገር ይላል፤ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው። ጎጆው፣ የተተከለው ዛፍ፣ የተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ፣ ሞተሩ፣ በማሳ ላይ ያለው ሰብል፤ እነዚህ የተጋቢዎቹ ናቸው። መሬቱን ስትጠይቅ እነዚህን መጠየቅ ትረሳለች። ክሱ ይወድቅና ሽንኩርቱም አብሮ ይወድቃል። አባቶቼ፣ ለልጃችሁ ጎጆ መውጫ የምትሰጡ ከሆነ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አስመዝግቡለት። ለሁለቱም ስም። አትስጡም አልላችሁም፤ ከሰጣችሁ ግን ስጡ።

ከብቱ ደግሞ ሌላ ነው። ቆላው ላይ ከብቱን ለርቢ ያልሰጠ ማን አለ? ግጦሽ ሲጠፋ ላሚቱ ወደ ዞብል በኩል ወዳለ ዘመድ ትሄዳለች፤ ጥጃው እንደ ውላቸው ይከፈላል። ፍቺ ሲመጣ «ያቺ ላም የአጎቴ ናት» ይባላል። የሚንቀሳቀስ ንብረትን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1193 ነው። ቢሆንም ከብት እንደ ቤት ካርታ የለውምና የሰው ምስክር ይሰማበታል። አንድ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት እረኛ ቀርቦ ከብቶቹን በየስማቸው ጠራ፤ ዳለቻ የማን ጥጃ እንደሆነች፣ ቡሬ በየትኛው ዓመት እንደተገዛ፣ ከማን ግቢ ወደ ማን ግቢ እንደተነዳ ሳይሳሳት ተናገረ። አዋቂዎቹ ያምታቱትን ያ ልጅ አስተካከለው። ለርቢ ስትሰጡ ባልና ሚስት አብራችሁ ቁሙ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይመስክር። መሬት በመጋዞ ስትሰጡም እንዲሁ።

አሁን ስለ ዘመዶቹ ልናገር። እስካሁን ዘመድን በክፉ ብቻ ያነሣሁ ይመስላል፤ እንደሱ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፍተው ቤት የሠሩ አባትና እናት፣ ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ለአምስት ዓመት ስለተጠለለበት ብቻ «ግማሹ የኔ ነው» የተባሉበትን ጉዳይም ይዤ አውቃለሁ። እናቲቱ ከፍርድ ቤት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ልጄን አስጠልዬ ቤቴን ልጣ?» ሲሉ የሰማሁት አይረሳኝም። መጠለል ባለቤት አያደርግም። ቀለም መቀባት፣ በር መቀየር ባለቤት አያደርግም፤ ወጪው ከተረጋገጠ ወጪው ይጠየቃል እንጂ። ከወላጅ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረትም በቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 57 የተቀበለው ተጋቢ የግል ነው። ይህ ለሴቷም ይሠራል። ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ላም የእሷ ናት፤ ዋርሳ ግቢ ገብታ ብትወልድ አትለወጥም፤ እናት ላሚቱን የእሷ መሆኗን ካስረዳች ይዛት ትወጣለች።

ገና ክርክር ያልጀመራችሁ፣ ነገር ግን ቤታችሁ ውስጥ ነገር መሽተት የጀመረባችሁ ሰዎች ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት ሊሸጥም፣ ሊለወጥም፣ በመያዣ ሊሰጥም አይችልም፤ የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 68 ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረትም እንዲሁ። ባል ሚኒባሱን ለእኅቱ ባል በስውር ቢያዛውር ሚስት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ግን ጊዜ አለው። ቁጥር 69 ካወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ሳታውቅ ብትቆይ እንኳ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይላል። «ሽማግሌ ይዤዋለሁ፤ ይመለሳል» እያለች ስምንት ወር ጠብቃ ወደ እኔ የመጣች ሴት አለች። ሽማግሌውም ጥሩ ነበር፤ ልመናውም ጥሩ ነበር፤ ስድስቱ ወር ግን አለፈ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱም ቀኑን ሳያሳልፍ ይግባ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ክሱ እንደገባ ደግሞ ንብረቱ እንዳይሸጥ እግድ ጠይቁ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ይፈቅዳል። የእግዱ ደብዳቤ ማዘጋጃ ቤት፣ መሬት አስተዳደር ወይም መንገድ ትራንስፖርት መድረሱን በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

የሸሪዓ ፍርድ ቤትን መርጣችሁ የምትሄዱ ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን ዳኝነቱ በፈቃድ የሚሠራ ስለሆነ፣ ንብረቱን የያዘው ዘመድ እዚያ ለመዳኘት ፈቃደኛ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

አሁን የቀረኝ ከሽማግሎቻችን ጋር ነው። እዚህ ራያ ላይ የሽማግሌ ነገር ቀልድ አይደለም። አስታራቂው አበጋር ሲቀመጥ ሰው ጫማውን አውልቆ ይሰማል፤ የዘወልድ እርቅ ደም ያደርቃል። ለፍቺ ንብረት ስትቀመጡ ባልን በአንድ ወገን፣ ሚስትን በሌላ ወገን ታስቀምጣላችሁ፤ በሬውን፣ እህሉን፣ ዕቃውን ትቆጥራላችሁ። ከእንግዲህ ሦስተኛውን ሰው ጥሩት። ዋርሳ ይሁን አማት፣ አጎት ይሁን አክስት፣ መጥቶ ከፊታችሁ ይቀመጥ። «ከእነዚህ ልጆች ንብረት በኔ እጅ ያለው ይህ ነው፤ የኔ የሆነው ደግሞ ይህ ነው» ይበል። ጻፉት፤ ይፈርምበት። ለእሱም ቢሆን መጠበቂያው ነው።

ያቺ የነገርኳችሁ እኅት መጀመሪያ ሽማግሌ ፊት በቀረበች ቀን፣ ዋርሳዋ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሽማግሎቹ በስተኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቡና ይጠጣ ነበር። እሷ ናት የነገረችኝ። ማንም ዞር ብሎ አልጠየቀውም።